«ሚስ»፦ ናፈቀኝ ወይስ አመለጠኝ?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ ሜሪላንድ እኔ ጋ የመጣች ሰሞን፣ ከገበያ ስንመለስ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። መነጽሯን አድርጋ «ሶሪ ዊ ሚስድ ዩ» ብላ አነበበችና «እነማን ናቸው የናፈቁሽ?» አለችኝ። ዕቃ አመላላሹ ሰው አጥቶ የለጠፈው ነው። ስቄ አለፍኩት፤ ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ናፍቆትና በር አንኳኩቶ ሰው ማጣት እንዴት «ሚስ» በሚል በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ገቡ?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን ያቆይልሽ። ሥሩ አንድ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሚሳን» ማለት ዒላማ መሳት ነበር። ከመሳት ወደ ማጣት፣ ከማጣት ወደ ናፍቆት ሄደ። ያላገባች ሴት የምትጠራበት «ሚስ» ግን ዘመዱ አይደለም፤ እሱ «ሚስትረስ» ተቆርጦ የቀረ ነው።

አማርኛ ላይ እንደየቦታው መፍታት ነው። ጥይት ከሆነ ሳተ፣ ክፍል ከሆነ ቀረሁ፣ ሲያነቡ መስመር ከሆነ ዘለልኩ፣ የሸሚዝ ቁልፍ ከሆነ ጎደለ። የእናትሽ ወረቀት «መጥተን አጣንዎት» ነው የሚለው።

እኔን የሚገርመኝ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ነው። በእንግሊዝኛ «አይ ሚስድ ዘ በስ» ሲባል ጥፋቱ የኔ ነው። እኛ ግን «አውቶቡሱ አመለጠኝ» ብለን አውቶቡሱ ላይ እንለጥፋለን! «ናፈቅሽኝ»ም እንደዚያው ነው፤ ባለቤቷ አንቺ ነሽ፣ እኔ ተሳቢ። ፈረንሳይኛም «ናፈቅሽኝ» ለማለት «ቱ ም ማንክ» ሲል ከኛ ጋር ነው። እዚህ የተወለደችው የወንድሜ ልጅ ለአያቷ በስልክ «ናፈቅኩሽ» ትላታለች። አያቷም «አዎ፣ በጣም እንጂ ልጄ!» ትላለች፤ ልጅቷ ግን ስለ ራሷ ናፍቆት ነበር የነገረቻት።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ ልጅቷን አትፍረድባት። «አገሬን ናፈቅኩ»ም ደህና አማርኛ ነው፤ እዚያ ላይ ናፋቂው ራሱ ባለቤት ነው። ሰው ለሰው ሲሆን ነው «ናፈቅከኝ» የሚቀናን።

መልስ፦ ልክ ነህ፣ ረስቼው ነው።

ጠያቂዋ፦ «ሚስድ ኮል አድርጊልኝ»ንስ ምን እንበለው?

ሌላ አባል፦ እሱማ የራሳችን ሆኗል። በእንግሊዝኛ ጥሪውን «ሚስ» የሚያደርገው ያላነሳው ሰው ነው። እኛ ጋ የሚያደርገው ደዋዩ ነው፤ ካርዱ እንዳይቆጥርበት አንዴ አስጠርቶ ይዘጋል፣ ከዚያ መልሰው እስኪደውሉለት ይጠብቃል። ቸኩሎ ያነሳበት ሰው ካለ ይቆጣል።