«እሺ ልጄ» ብለው የማያደርጉ ታካሚ

ቨርጂኒያ ውስጥ የአእምሮ ጤና ነርስ ፕራክቲሽነር ነኝ። አንዲት በ60ዎቹ ያሉ እናት፣ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ድብርት ይዟቸው እኔ ጋ ይመጣሉ። ሰርትራሊን የተባለውን የድብርት መድኃኒት 100 ሚሊግራም ከጀመሩ 8 ሳምንት ሆኗቸዋል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ የላቸውም። የምንገናኘው በየሁለት ሳምንቱ፣ ለ30 ደቂቃ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሐሳብ መመዝገቢያ ቅጽ (ሲከፋቸው ያሰቡትን የሚጽፉበት) ሰጠኋቸው። ባዶውን መለሱት። «ያኔ ምን አሰቡ?» ስላቸው «እሱ ያውቃል» ይሉኛል። ከዚያ እንቅስቃሴያቸውን ቀስ በቀስ ወደ መመለሱ ዞርኩ፦ በሳምንት ሁለት ቀን ጎረቤት ጠርተው ቡና እንዲያፈሉ ተስማማን። «እሺ ልጄ» አሉኝ። አንድ ቀንም አላፈሉም። እሺታው ለእኔ አክብሮት ነው መሰለኝ፤ የራሴም እናት እንደዚያው ናት። የፒኤችኪው-9 (የድብርትን ክብደት ከ27 የሚለካ መጠይቅ) ውጤታቸው በ4 ቀጠሮ ከ17 ወደ 16 ብቻ ወረደ።

እንዲህ ያለ ታካሚ የገጠማችሁ፣ ሳታስቀይሟቸው እውነተኛውን «አልችልም» ለማውጣት ምን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ?