በረሃው ከተቃጠለ በኋላ አረንጓዴ ከሆነ ኤሊዋ ምን ጎደለባት?

የቬጋሱ፦
ሰላም ወገን፣ በቅርቡ ከክላሳችን ጋር ዩታ ሴንት ጆርጅ አጠገብ ሬድ ክሊፍስ የሚባለው የበረሃ ኤሊ ጥብቅ ቦታ ልንሄድ ነው፣ በፈረንጆች 2020 የተቃጠለው ላይ እፅዋት ልንቆጥር። ፎቶ ሳይ ግን ግራ ገባኝ፣ ስፕሪንግ ላይ የተቃጠለው ካልተቃጠለው የበለጠ ለምለም ነው እኮ! ኤሊ ደግሞ ቅጠል በል ናት። ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ከሆነስ ዘር በትኖ መተው አይሻልም?

ቆላዬ፦
ያ ያየኸው ለምለም አብዛኛው ሬድ ብሮም ይመስለኛል፣ ከሜዲትራንያን አካባቢ የመጣ መጤ ሳር። ዊንተር ላይ ዘነብ ካለ ይበቅላል ሰመር ሳይገባ ይደርቅና እዛው እንደቆመ ይቀራል። ድሮ በቁጥቋጦዎቹ መሀል ባዶ መሬት ስለነበር እሳት ቢነሳም ሩቅ አይሄድም፣ አሁን ክፍተቱን ይሄ ሳር ሞልቶታል። ክሪዮሶት የሚባለው የበረሃው ቁጥቋጦ ደግሞ ከእሳት ጋር አይተዋወቅም፣ ብዙው ከተቃጠለ በኋላ አያቆጠቁጥም፣ ሳሩ ግን ለከርሞ ይመለሳል። ለምግብም የማይረባ ነገር ነው፣ የዩኤስጂኤስ (የአሜሪካ መንግስት የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም) ተመራማሪዎች ለትንንሽ ኤሊዎች እሱን ሲያበሏቸው ሰውነታቸው እየከሳ ሄደ፣ ሹሉ ዘር አፋቸው ውስጥም ይሰካ ነበር።

ሚሚ ዘ ኔቫዳ፦
ቆላዬ ልክ ነህ ግን የተቃጠለ ሁሉ ሙት መሬት ነው እንዳይመስላችሁ። ኔቫዳ ከ2005ቱ ቃጠሎ በኋላ ተመራማሪዎች ኤሊዎቹ ላይ የራዲዮ ምልክት ሰጪ ለጥፈው ሲከታተሏቸው የተቃጠለው ውስጥ እየገቡ ይመገቡ ነበር፣ ግሎብማሎው የሚባለው ብርቱካናማ አበባ ያለው አገር በቀል እዛ በደንብ ወጥቶ ነበር። ዋናው ያጡት ጥላ ነው፣ ስለዚህ ካልተቃጠለው ዳር ብዙም አይርቁም። እና የቬጋሱ፣ ስትቆጥሩ "ይሄን ያህል ፐርሰንት አረንጓዴ" ብላችሁ እንዳትዘጉት፣ አመታዊውን (በአንድ አመት ውስጥ በቅሎ የሚሞተውን) ከቋሚው፣ መጤውን ከአገር በቀሉ ለዩ፣ የቁጥቋጦውንም ስፋት ለኩ፣ ኤሊ የምትጠለለው እሱ ስር ነው።
ዘር መበተኑን እርሳው ባይ ነኝ፣ አይጥና ጉንዳን ይለቅመዋል፣ የተረፈውን ድርቅ ይጨርሰዋል። ችግኝ ተክሎ በሽቦ ከልሎ ውሃ ማጠጣት ይሻላል፣ ብሩ ግን ለዛ ሁሉ መሬት አይበቃም።

የቬጋሱ፦
ተባረኩ፣ አሁን ገባኝ። ኤሊ ካገኘን አንስተን ፎቶ መነሳት ይቻላል?

ቆላዬ፦
ኧረ በጭራሽ! ከ1990 ጀምሮ በፌደራል ህግ የተጠበቀች ናት። ደግሞ ከደነገጠች ሽንቷን ትለቀዋለች፣ ለድርቁ ያጠራቀመችው ውሃ እኮ እሱ ነው። መኪና ከማስነሳታችሁ በፊትም ከስሩ እዩ፣ ጥላ ፍለጋ እዛ ትገባለች።