ቪኤም ላይ ቴይል ኮል፦ አርጉመንቶቹን ቀጥታ ሬጅስተር 0 ላይ ብጽፍስ?

ጀማሪ_ቪኤም፦
ሰላም ወገን። ለአንዲት ትንሽ ስክሪፕት ቋንቋ በሲ ቪኤም (የቋንቋውን ትእዛዞች የሚያስኬድ ምናባዊ ማሽን) እየጻፍኩ ነው። አሠራሩ የሉዋ ቋንቋን ይመስላል፤ ሬጅስተሮቹ (ዋጋ የሚቀመጥባቸው ቦታዎች) ሁሉ አንድ ረጅም አሬይ፣ ማለትም ስታኩ ላይ ናቸው፣ እያንዳንዱ ፍሬም (የአንድ ጥሪ የሥራ ቦታ) ከቤዙ (ከመነሻው) ጀምሮ የራሱን ድርሻ ይይዛል። ተራ ጥሪ ላይ ጠሪው ፋንክሽኑንና አርጉመንቶቹን ጫፍ ላይ ይደረድርና የተጠሪው ሬጅስተር 0 እዚያው የመጀመሪያው አርጉመንት ላይ ያርፋል፤ ኮፒ የለም። ቴይል ኮል ላይ ግን (የፋንክሽኑ የመጨረሻ ሥራ ሌላ ጥሪ ሲሆን) ፍሬሙ ሊጣል ስለሆነ፣ ኮምፓይለሩ አርጉመንቶቹን ቀጥታ ሬጅስተር 0፣ 1፣ 2 ላይ ቢጽፋቸው ምን ይለኛል?

ሉፕ_ይበቃል፦
ለምን ትደክማለህ? ፓይተን እንኳ የለውም፣ ማን ቀረበት። ሉፕ ስጣቸው።

የማታ_ፈረቃ፦
ፓይተን ሆን ብሎ ነው የተወው፤ ጠያቂያችን ደግሞ ይኑረኝ ብሏል። ወደ ጉዳዩ።

ቀጥታ አትጻፍ። ትልቁን የጋራ አካፋይ የምታወጣውን ፋንክሽን ውሰድ፦ ትጋአ(ሀ፣ መ) መ 0 ከሆነ ሀን ትመልሳለች፤ አለዚያ መጨረሻ ላይ ትጋአ(መ፣ ሀ % መ) ብላ ራሷን ትጠራለች (% የማካፈል ቀሪ ነው)። 48 እና 18 ስጣት። ሬጅስተር 0 ላይ 48፣ 1 ላይ 18 አለ። መጀመሪያ «መ»ን ወደ 0 ትጽፋለህ፤ 48ቱ ጠፋ። ቀጥሎ ሀ % መ ስትል 18 % 18 ይሆንና 0 ይወጣል። መልሱ 18 ይልሃል፣ ትክክለኛው 6 ነው። ስህተት የሚል መልእክት እንኳ አታይም።

ኮምፓይለሩ ማን ማንን እንደሚያጠፋ አስልቶ ቅደም ተከተል ሊያወጣ ይችላል፤ ሁለቱ ቦታ ሲለዋወጡ ደግሞ ጊዜያዊ ሬጅስተር መጨመር አለበት። ለአንድ ኮፒ ሲባል ይሄን ሁሉ ጣጣ እኔ አልገባበትም። ሉዋ እንደምታደርገው እንደ ተራ ጥሪ ጫፍ ላይ ደርድርና ቪኤሙ ፋንክሽኑንም አርጉመንቶቹንም ወደ ታች ያንሸራታቸው። መድረሻው ሁልጊዜ ከመነሻው በታች ስለሆነ ከመጀመሪያው ጀምሮ መኮፒያ ምንም አያጠፋም።

ከማንሸራተትህ በፊት ግን የዚህን ፍሬም ሬጅስተሮች የያዘ ክሎዠር (የውጪ ቫሪያብሎችን ይዞ የሚቆይ ፋንክሽን) ካለ ዋጋቸውን አውጥተህ ስጠው፤ አለዚያ ክሎዠሩ የአዲሱን ጥሪ አርጉመንት ያነባል። ተጠሪው ከጠሪው የበለጠ ሬጅስተር ሊፈልግ ስለሚችል የስታኩን መጠንም ፈትሽ። ሪአሎክ (ሜሞሪ የሚያሰፋው የሲ ፋንክሽን) አሬዩን ካዛወረው የያዝከው የቤዝ ፖይንተር ዋጋ የለውም፣ እንደገና አስላው። ያልተላከ ፓራሜተር ካለ በኒል (ባዶ ዋጋ) ሙላ፣ የሞተው ፍሬም ቅሪት እዚያው ተቀምጧልና። የመመለሻ አድራሻውንና የሚጠበቀውን የውጤት ብዛት አትንካ፤ እነሱ የመጀመሪያው ጠሪ ንብረት ናቸው።

ጀማሪ_ቪኤም፦
ገባኝ፣ 18ቱ አሳመነኝ። ተጠሪው በሲ የተጻፈ ቢሆንስ?

የማታ_ፈረቃ፦
እንደ ተራ ጥሪ ጥራው፣ ውጤቱን ይዘህ ተመለስ። የሲ ፋንክሽን የአንተን ፍሬም አይወርስም።

ሪተርን ያለበትን ሁሉ ቴይል ኮል እንዳታደርገው ደግሞ። ከጥሪው በኋላ የሚሠራ ነገር ካለ አይሆንም፦ 1 መደመር፣ ወይም ሉዋ 5.4 ላይ እንዳሉት ከስኮፑ ሲወጣ የሚዘጋ ቫሪያብል። ሉዋ ጥሪውን በቅንፍ ከከበብከውም ቴይል ኮል መሆኑ ይቀራል፣ ቅንፉ ውጤቱን ወደ አንድ ስለሚቆርጠው።

ስታክ_ቆፋሪ፦
ቫርአርግ (ብዛቱ ያልተወሰነ አርጉመንት የሚቀበል ፋንክሽን) ካለህ አንድ ልጨምር። ሉዋ 5.4 ቫርአርግ ፋንክሽን ሲጠራ ፋንክሽኑንና ቋሚ ፓራሜተሮቹን ከትርፎቹ አርጉመንቶች በላይ ይኮፒና ፍሬሙን እዚያ ይጀምራል። ቴይል ኮሉ የሚያንሸራትተው ወደዚህ አዲሱ ቤዝ ከሆነ ትርፎቹ ከሥር ይቀራሉ፤ በእያንዳንዱ ጥሪ ስታኩ ትንሽ ትንሽ ይወጣል። ሉዋ ያንን ልዩነት ቀንሶ ወደ መጀመሪያው ቦታ ይመልሰዋል። የአንተን ለመፈተን ራሱን በቴይል ኮል የሚጠራ ቫርአርግ ፋንክሽን 1,000,000 ጊዜ አሽከርክርና የስታኩን ጫፍ መነሻና መድረሻ ላይ አትም።