ሁለተኛ ክፍል ደርሶ ፊደል የማይለይና ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ፦ ከምኑ ይጀመር?

ጠመኔ፦
ጥያቄዬ አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት ስለሚማሩ፣ አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ከአምስትና ከስድስት ሰው ጋር ስለሚያድሩ ልጆች ነው። ሀሁን በቃላቸው ይወርዱታል፤ ከመካከል አንድ ፊደል ሲጠቁሟቸው ግን ዝም ይላሉ። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ያንቀላፋሉ። ጓደኛ ሲነካቸው ወይ ይማታሉ ወይ ጭራሽ ይዘጋሉ። ትምህርት ቤት ቁርስና ምሳ ስለሚበሉ ነገሩ ረሃብ ብቻ አይመስለኝም። ስብሰባ ላይ የሚሰማው ግን «ደካማ ነው፣ ይድገም» ነው። መድገሙ ይጠቅማል?

ነጭ ጋዋን፦
መምህር፣ «ደካማ» ከመባሉ በፊት ጆሮውና ዓይኑ ይታይ። ለጆሮ መሣሪያ አያስፈልግም። ልጁ ጀርባውን ይስጥዎትና አንዱን ጆሮ በጣቱ ይድፈን። በአንድ ክንድ ርቀት ቆመው ሦስት ቁጥር በሹክሹክታ ይበሉ፣ ይድገም። ከሳተ ሌላ ሦስት ይጨምሩ። ከስድስቱ ሦስቱን እንኳ ካልደገመ ጤና ጣቢያ ይላክ። የከሰል ጭስ በታፈነበት ቤት የሚያድግ ልጅ ጉንፋንና የጆሮ ሕመም ይመላለስበታል። ጆሮው የሚመግል ልጅ ለስላሳዎቹን ድምፆች፣ እነ ሰን፣ እነ ፈን፣ ይስታል። እርስዎ «አልገባውም» ያሉት «አልሰማም» ሊሆን ይችላል። ዓይን ደግሞ በ6 ሜትር ርቀት፣ ለየብቻ ይለካል።

ቀጥሎ ደም ማነስ። ምገባው ትልቅ ነገር ነው፣ ቤት ውስጥ ግን እራቱ ሻይ በዳቦ ከሆነ ሻዩ ብረቱን አስሮ ሰውነት እንዳይቀበለው ያደርጋል። ሻይ ከምግብ አንድ ሁለት ሰዓት ይራቅ። ምስር ወይም ሽሮ ሲበላ ጥሬ ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ ይታከልበት። ከ5 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ ሄሞግሎቢን (የደሙ የብረት ይዘት ያለው ቀይ ንጥረ ነገር) በዴሲሊትር ከ11.5 ግራም በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል፤ ይህ ቁጥር ግን ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውጤቱ ከፍታው ታስቦ ካልተነበበ ደም ያነሰው ልጅ «ደህና ነው» ተብሎ ይመለሳል። የብረት ኪኒን ሳይለካ አይሰጥ። የትል መድኃኒት (አልቤንዳዞል 400 ሚሊግራም፣ አንድ ጊዜ) በትምህርት ቤት ሲታደል የቀረ ልጅ ካለ ስሙን ይያዙ፤ ብዙ የሚቀሩት እነዚሁ ልጆች ናቸው።

ስለ መቀንጨርም (በምግብ እጥረት ቁመት ከዕድሜ በታች መቅረት) እውነቱ ይነገር። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአገር ደረጃ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 በመቶው ቀንጭረው ነበር። እነዚያ ሕፃናት አሁን ተማሪዎች ናቸው። ከእርግዝና እስከ ሁለት ዓመት ባሉት 1,000 ቀናት የጎደለውን የትምህርት ቤት ምሳ ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም። ይህ ማለት ግን አእምሮው ተዘግቷል ማለት አይደለም፤ ማንበብ ይችላል።

ቆጥ ሥር፦
እንቅልፉን አትለፉት። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። እናት እንጀራ የምትጋግረው ሌሊት ከሆነ፣ ቴሌቪዥኑና እንግዳውም እዚያው ከሆነ፣ ማታ አምስት ሰዓት ተኝቶ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሳል። ሰባት ሰዓት ብቻ! ወላጅ ስትጠሩ «ለምን?» አትበሉ፤ ያ ጥያቄ ክስ ሆኖ ነው የሚሰማው። «ስንት ሰዓት ይተኛል? የት ጋ? መብራቱ መቼ ይጠፋል?» በሉ። ልጁ የሚተኛበት ቆጥ ላይ መጋረጃ መስቀል ብቻ አንድ ሰዓት እንቅልፍ ሊጨምር ይችላል። የቤት ሥራውን ደግሞ ከመውጫ በፊት በሃያ ደቂቃ እዚያው ትምህርት ቤት ይጨርስ፤ ቤት ውስጥ ደብተር የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም።

ስለ መማታቱም፦ ጭቅጭቅና ሥጋት የማያጣው ልጅ ሰውነቱ ሁልጊዜ ለአደጋ ነቅቶ ነው የሚቆየው። ትእዛዝ በአእምሮው ይዞ የሚቆይበት አቅም ያጥረዋል። «ደብተር አውጡ፣ ገጽ 12 ግለጡ፣ ቀኑን ጻፉ» ሲባል የሚደርሰው የመጀመሪያው ብቻ ነው። አንድ በአንድ ንገሩት። መቀመጫው አይቀያየር። ሲማታ ውኃ ይጠጣ፣ አምስት ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ ብቻውን ይጠየቅ። ሰውነቱ ላይ የድብደባ ምልክት ካያችሁ ቤተሰቡን ብቻችሁን አትጋፈጡ፤ በርእሰ መምህሩ በኩል ለወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ይነገር።

ሳድስ፦
ሀሁን መውረድ ዜማ ነው፣ ማንበብ አይደለም። ፊደሎቹን አዘበራርቀው በካርቶን ላይ ይጻፉና በአንድ ደቂቃ ስንት እንደለየ ይመዝግቡ። ከዚያ በቀን 15 ደቂቃ፣ አራት አራት ልጅ።

ከ«ሀ» አትጀምሩ። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ ለጊዜው ይቆዩ፤ አንድ ድምፅ ለሁለትና ለሦስት መልክ መስጠት ለጀማሪ ከባድ ነው። ቅጥያቸው (ፊደሉ ላይ የሚጨመረው ምልክት) ሥርዓት ካለው ከ በ፣ ለ፣ ሰ፣ ከ ይነሱ፦ ካዕቡ (ቡ) ወገቡ ላይ፣ ሣልሱ (ቢ) እግሩ ሥር፣ ሐምሱ (ቤ) በእግሩ ቀለበት። ረ እና ፈ ሥርዓቱን ስለሚያፈርሱ ወደ ኋላ። ከነዚህ አራት ቤቶች ወዲያው ቃል ይወጣል፦ ከሰል፣ ልብስ፣ ኪስ፣ በሶ። ልጁ የሚያውቀው ነገር ነው፣ ያነበበው ትክክል መሆኑን ራሱ ያውቃል። ለአንድ አዲስ ፊደል አራት የለመዳቸው ይደባለቁበት። ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ በአንድ ቀን አይሰጡ። ብዙዎቹ የሚወድቁት ሳድስ (ብ፣ ል፣ ስ) ላይ ነው፣ መልኩ ወጥ ስላልሆነ፤ ለእሱ ሁለት እጥፍ ቀን ይያዝ።

መድገምን በተመለከተ፦ ያልጠቀመውን ትምህርት በዚያው መንገድ መድገም ውጤቱንም ይደግማል፣ ልጁም ከእኩዮቹ በዕድሜ ይበልጥና ማቋረጥ ይጀምራል።

ጠመኔ፦
ክፍሉ ውስጥ 50 ልጅ ሲኖርስ አራት አራቱን የት ላድርጋቸው?

ሳድስ፦
ከቁርስ በኋላ፣ ደወል ከመደወሉ በፊት፣ በር አጠገብ ባለው ዴስክ። ሰኞና ረቡዕ አንዱ ቡድን፣ ማክሰኞና ሐሙስ ሌላው። ዓርብ የደቂቃዋን ፈተና ብቻ ያድርጉ። በሦስት ሳምንት ቁጥሩ ካልጨመረ ወደ ጆሮው ይመለሱ።