የጋራ አምፓችን ኖርማል ቻናል ይቀየር ወይስ ይተው?

የከዚራው ጊታሪስት፦
ጥያቄው የሁላችንም ስለሆነ ሁላችሁም ሐሳብ ስጡበት። የድሬዳዋ ቡድናችን አምፕ (የድምፅ ማጉያ) ትዊን ሪቨርብ የሚባለው ፌንደር ነው፤ ሁለት ቻናል (የመሰኪያ መስመር) አለው፤ ኖርማልና ቪብራቶ። ሪቨርቡ (ድምፁን የሚያስተጋባው) እና ትሬሞሎው (ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረገ የሚያርገበግበው) ያሉት ቪብራቶው ላይ ብቻ ነው። ጊታሩ እዚያ ይሰካል፣ ክራሩ ኖርማሉ ላይ ደርቆ ይቀራል። ሌላም አለ፤ ቪብራቶው ለሪቨርቡ ሲባል አንድ የቫልቭ (ድምፅ የሚያጎላ የመስታወት ቱቦ) ደረጃ ስለሚጨምር የድምፁ ሞገድ ከኖርማሉ ተገልብጦ ይወጣል። አንድ ጊታር ሁለቱም ላይ ብትሰኩ ድምፁ እርስ በርሱ ይጠፋፋና ይቀጥናል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የኖርማሉን ሁለተኛ ደረጃ ከራሱ 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና ከመቀላቀያው መስመር ነቅሎ፣ ከመጀመሪያው ቫልቭ 6ኛ እግር ወደ ሁለተኛው ቫልቭ 6ኛ እግር አንድ ሽቦ መዘርጋት ነው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም በአንድ መንገድ ይሄዳሉ፣ ሪቨርቡም ለሁለቱም ይደርሳል። ጥቂት ብየዳ ነው፤ ሲፈለግ ይመለሳል። እኔ ይቀየር ባይ ነኝ። ይህ ዕቃ በየሠርጉ የሚሠራ እንጂ በመስታወት ውስጥ የሚቀመጥ አይደለም።

የመጋላዋ ክራር ተጫዋች፦
አቦ፣ በእኔ ስም አትለምን! ክራሬ ደርቆ መውጣቱን እወደዋለሁ። በችክችካ ምት ክሩን ነክቼ ወዲያው ዝም ማሰኘት አለብኝ፤ ሪቨርብ ከገባበት አንዱ ምት ሌላው ላይ ይተኛና እግር የሚያነሳ ሰው ይጠፋል። ትዝታ ስጫወት ትንሽ ብትኖር ደስ እንደሚለኝ አልክድም። ግን የሪቨርቡ ማዞሪያ አንድ ነው። አንተ ለሶሎህ 5 ላይ ስታደርሰው የእኔም 5 ይሆናል። ይህን ለምን ሳትነግረን አለፍከው?

የለገሃሩ፦
እኔ ከነጭራሹ አይነካ ባይ ነኝ። ውስጡ የተለጠፈው ወረቀት ኤቢ763 ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣ ሰርኪት ነው፣ በእጅ የተበየደ። አሊ ቢራ በተወለደባት፣ የአፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን በተመሠረተባት ከተማ ከዚያ ዘመን የተረፈ የሙዚቃ መሣሪያ ስንት ታውቃላችሁ? "ይመለሳል" የሚለውን ቃል አላምነውም። ከእያንዳንዱ ብየዳ ጋር የድሮው ሬዚስተር እግር ይሰበራል፣ የነቀለው ልጅ ከተማ ይለቃል፣ የትኛው ሽቦ የት እንደነበር የሚያውቅ ይጠፋል። ሪቨርብ ለክራሩ ካስፈለገ ትንሽ የሪቨርብ ፔዳል ገዝቶ ከፊት መሰካት ይቻላል።

የሳቢያኑ ጠጋኝ፦
ልጆቼ፣ ሳጥኑን ለማጽዳት ከፍቼው ስለነበር ያየሁትን ልንገራችሁ። ከማጣሪያ ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ አከማችተው ከሚያስተካክሉት ዕቃዎች) አንዱ ጫፉ አብጦ፣ ሥሩ ላይ ነጭ የደረቀ ነገር አውጥቷል። እርጅና ነው፤ ሲብስበት ትራንስፎርመሩን ይዞ ይሄዳል። ጀርባው 117 ቮልት ይላል። የእኛ መብራት 220 ስለሆነ በማውረጃ ታስኬዱታላችሁ፤ ደግ። ማውረጃው ግን ቮልቱን እንጂ ሄርዙን አይለውጥም። ለአሜሪካ 60 ሄርዝ የተሠራ ትራንስፎርመር በእኛ 50 ሄርዝ ላይ የበለጠ ይግላል። በግንቦት የድሬ ሙቀት፣ አራት ትልልቅ ቫልቭ እያነደደ፣ ሙሉ ሌሊት!

ከሁሉም የሚያስፈራኝ የሶኬቱ ገመድ ነው። ባለ ሁለት እግር ነው፣ የመሬት መስመር የለውም። ከመብራቱ መስመር ወደ ብረቱ ሳጥን የምትሄድ አንዲት ካፓሲተር አለች፤ እሷ ሾርት ካደረገች ሳጥኑም የጊታሩ ክርም መብራት ይይዛሉ። ባለፈው ዘፋኟ ማይክ ስትነካ ከንፈሯን ነዘራት ብላችሁኛል። ከዚያ በላይ ምን ምልክት ትፈልጋላችሁ? ስለ ቻናል የምንከራከረው ይህ ካለቀ በኋላ ነው። ደግሞ ማንም "ነቅዬዋለሁ" ብሎ እጁን እንዳይከት። ከሶኬት ከወጣ በኋላም ከ400 ቮልት በላይ ካፓሲተሮቹ ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ መጀመሪያ በሬዚስተር ይራገፋል፣ በሜትር ይለካል።

የከዚራው ጊታሪስት፦
ጋሼ፣ ዘፋኟን የነዘራት ዕለት ማይኩ ነው ብዬ ማይኩን ብቻ ቀየርኩ። ይቅርታ ልጠይቃት ይገባኛል። ባለ ሦስት እግሩ ገመድ ይግባ፣ ያቺም ካፓሲተር ትውጣ፣ የማጣሪያዎቹም ይቀየሩ፤ እስከዚያ አምፑ አይበራም።

የለገሃሩ፣ ፔዳሉን አስቤበታለሁ፤ ግን የዚህን አምፕ የሞላ (ስፕሪንግ) ሪቨርብ ድምፅ አይሰጥም። የድሮው ሽቦ እንዳይጠፋ ሳይነካ ፎቶ አነሳለሁ፣ የምነቅለውንም ሬዚስተር በፖስታ አድርጌ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ስለ አንዱ ማዞሪያ ግን እህቴ ያለችው ልክ ነው፤ ለራሴ ሶሎ ብቻ ነበር ያሰብኩት። ሽቦዋን ግን አልተውኳትም። በአንድ ልምምድ፣ ማዞሪያው 2 ላይ ሆኖ፣ ችክችካውንም ትዝታውንም እንሞክርበት። እሷ አልፈልግም ካለች ጋሼ በማግስቱ ይንቀሉት።

የመጋላዋ ክራር ተጫዋች፦
2 ላይ ከሆነ እሰማዋለሁ። ማዞሪያውን የምይዘው ግን እኔ ነኝ። የካፓሲተሮቹን መዋጮ እሁድ ይዛችሁ ኑ።