ገጸ ባህርይን የሚያቆመው ማን ነው? ያለችን ብር ለደራሲ ትሁን ወይስ ለተዋናይ?

አወያይ (አራዳ)፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። እዚህ ጎንደር ድራማ የምንሞክር ልጆች ስንገናኝ ጨዋታው ሁሉ ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ላይ እየወደቀ ነው። ከራሳችን ተረትና ታሪክ ተነስተን አጭር የፋንታሲ ተከታታይ ድራማ እንሥራ የሚል ሐሳብ አለ። ቤተ መንግሥት አለ፣ እቴጌ አለች፣ ዛር አለ፣ ዘንዶ አለ። የሌለው ገንዘብ ነው። እንግዲህ ንገሩኝ፤ ያለችንን ብር መጀመሪያ ለደራሲ እናውጣ ወይስ ሕዝብ ለሚያውቀው ጥሩ ተዋናይ?

የኔን አቋም ከፊት ላስቀምጥ። ለደራሲ ነው። ማስረጃዬ ጌም ኦፍ ትሮንስ የሚባለው የአሜሪካ ፋንታሲ ተከታታይ ድራማ ነው። ከ2011 እስከ 2019 በ8 ምዕራፍ 73 ክፍል ታይቷል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። የመጨረሻው ምዕራፍ 6 ክፍል ብቻ ነበረው። ዴኔሪስ ባሪያ ነጻ ስታወጣ የኖረች ንግሥት ናት። ሊያልቅ አንድ ክፍል ሲቀረው ልትይዛት የመጣችው ዋና ከተማ እጇን ሰጠች፣ ደወል ተደወለ፣ እሷ ግን በዘንዶዋ ሕዝቡን አቃጠለችው።

ያቺን ቅጽበት ደግማችሁ እዩአት። ካሜራው ዴኔሪስን በምትጫወተው በኤሚሊያ ክላርክ ፊት ላይ ይቆማል። አንድ ቃል እንኳ አልተጻፈላትም። ዓይኗ ቤተ መንግሥቱ ላይ ይተከላል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ ፊቷ በሐዘንና በንዴት መሐል ይለዋወጣል። ትወናው ምንም አይወጣለትም። ተመልካቹ ግን «ለምን?» ብሎ ቀረ። ምክንያቱ ከዚያ በፊት በነበሩት ክፍሎች ውስጥ ቀስ እያለ መዘራት ነበረበት፤ አልተዘራም። ምዕራፉ እንደገና ይሠራ ብለው ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ፈርመዋል። የጠየቁትም የተሻሉ ጸሐፊዎችን ነው። ተዋናይ ይቀየር ያለ የለም።

የአዘዞው፦

ኧረ እዚህ ላይ አልስማማም! አንተ ያየኸው የተበላሸውን ነው። የተሳካውን እንይ እስቲ።

ከጌም ኦፍ ትሮንስ በፊት የነበረውን ዘመን የሚተርከው ሃውስ ኦፍ ዘ ድራጎን በ2022 ሲጀምር ንጉሥ ቪሰሪስን የተጫወተው ፓዲ ኮንሲዳይን ነው። ድራማው የተወሰደበት መጽሐፍ የተጻፈው እንደ ዜና መዋዕል ነው። ንጉሡ እዚያ ውስጥ ድግስ የሚወድ፣ ወፍራም፣ ደስተኛ ሰው ነው። ብዙም አይከብድም። ድራማው ላይ ያለውን ግን አይታችኋል። ሰውነቱ ተበልቶ አልቋል፣ ግማሽ ፊቱን በወርቅ ጭምብል ሸፍኗል፣ ምርኩዙን ይዞ ወደ ዙፋኑ ይራመዳል። 8ኛው ክፍል ላይ ነው። እያንዳንዷ እርምጃ ታምማለች። ከዚያ ዘውዱ ወደቀ። ወንድሙ ዴመን አንስቶ አናቱ ላይ ደፋለት።

ያ ዘውድ መውደቁ ስክሪፕት ላይ አልነበረም! ቀረጻ ላይ በአጋጣሚ ወደቀ፣ ዴመንን የሚጫወተው ማት ስሚዝ ከገጸ ባህርዩ ሳይወጣ አነሳው፣ አዘጋጇም አስቀረችው። የመጽሐፉ ደራሲ ጆርጅ ማርቲን ራሱ የኮንሲዳይን ንጉሥ እኔ ከጻፍኩት ይበልጣል የሚል ምስክርነት ሰጥቷል። ደራሲው እንዲህ ካለ እኛ ምን እንላለን?

የማራኪዋ፦

የአዘዞው ወንድሜ፣ ያቺን ትዕይንት እኔም እወዳታለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ የታመመ ንጉሥ ከአልጋው ተነስቶ ራሱ ወደ ችሎቱ ይምጣ ብሎ የወሰነው ማን ነው? ልጁን ለመከላከል ሲል ነው የመጣው። ይሄ ጽሑፍ ነው። ወንድማማቾቹ ደግሞ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ሲጣሉ፣ አንዱ አንዱን ከከተማ ሲያባርር፣ ሲታረቁ፣ ሲኮራረፉ አይተናል። ያ ሁሉ ባይጻፍ ኖሮ ዘውድ ወድቆ መነሳቱ የቀረጻ ስሕተት ሆኖ ይቀር ነበር። አጋጣሚው ትርጉም ያገኘው የተዘጋጀ ቦታ ላይ ስለወደቀ ነው።

ለኛ ይበልጥ የሚጠቅም ሌላ ምሳሌ አለኝ። ጌም ኦፍ ትሮንስ 1ኛ ምዕራፍ፣ 5ኛ ክፍል። ንጉሥ ሮበርትና ንግሥት ሰርሲ አንድ ክፍል ውስጥ ወይን ይዘው ስለ ትዳራቸው ያወራሉ። ሰይፍ የለም፣ ዘንዶ የለም። ሁለት የሚጠላሉ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሐቁን ሲነጋገሩ ነው የምናየው። ይሄ ትዕይንት መጽሐፉ ውስጥ የለም። በመጀመሪያው ምዕራፍ አንዳንድ ክፍሎች ከሚፈለገው አጥረው ስለተገኙ አዘጋጆቹ እንዲህ ዓይነት የሁለት ሰው ንግግሮችን ጽፈው ጨመሩ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አንድ ክፍልና ሁለት ተዋናይ ርካሽ ነው። ማርክ አዲና ሊና ሄዲ ግን ምን እንዳደረጉት እዩ። እስከዚያ ድረስ ሰርሲ ክፉ ሴት ብቻ ነበረች። ከዚያ በኋላ ሰው ሆነች።

እኛ ለዘንዶ የሚሆን ኮምፒውተር የለንም። አንድ ክፍልና ሁለት ሰው ግን አለን።

የሳሙና በሩ፦

እኔ ከሌላ በኩል ልምጣ። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 ከጀመረ ወዲህ አገሩ ሁሉ በአማርኛ ድምፅ የተሠራ የውጭ ድራማ ሲያይ ነው የኖረው። ፊቱ የአንድ ሰው ነው፣ ድምፁ የሌላ። ቃላቱ ደግሞ ከአፉ እንቅስቃሴ ጋር እንዲገጥሙ ይቆረጣሉ፣ ይቀያየራሉ። ማለትም መጀመሪያ የተጻፈው ንግግር እንዳለ አይደርሰንም። እናቴ ግን ታለቅሳለች። የሚያስለቅሳት ያ ድምፅ ነው። ቃለ ተውኔቱን ሌላ ሰው ደረቅ አድርጎ ቢያነበው ተነስታ ቡናዋን ታፈላለች። ለዚህ ምን መልስ አላችሁ?

አወያይ (አራዳ)፦

መልስ አለኝ። ንግግሩ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ታሪኩ ግን አልተቀየረም። ማን ማንን ከዳ፣ ማን ምን ደበቀ፣ ያ እንዳለ ነው። ጽሑፍ ማለት ንግግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እናትህ የምታለቅሰው ድምፁ መጥቶ ያረፈበት ጉዳይ ስላለ ነው።

መምህር (ቀሃ)፦

ልጆቼ፣ ጥሩ ክርክር ይዛችኋል። እኔ ፊልም ብዙ አላይም። ግን ይሄ ጥያቄ ለጎንደር አዲስ አይደለም።

ሚሼል ሌሪስ የሚባል ፈረንሳዊ ከዳካር እስከ ጅቡቲ ከተጓዘ የጥናት ቡድን ጋር በ1932 እዚህ ጎንደር ነበር። ባለዛሮቹ ቤት እየዋለ እየሰማ ይጽፍ ነበር። በ1958 በጎንደር ስላለው ዛርና ስለ ቴአትራዊ ጠባዩ መጽሐፍ አወጣ። የታዘበው ነገር ትልቅ ነው። እያንዳንዱ ዛር የራሱ ስም አለው፤ ሰይፉ ጨንገር፣ ራሄሎ እየተባለ። የራሱ ጠባይ፣ የራሱ ፉከራ፣ የሚወደው ልብስና የሚጠይቀው ግብር አለው። የሚያድርበት ሰው «የዛሩ ፈረስ» ይባላል። ዝምተኛዋ ሴት ዛሩ ሲመጣ ትፎክራለች፣ ድምጿ ይወፍራል፣ ትዕዛዝ ትሰጣለች። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ማን እንደመጣ ከአነጋገሯ ያውቃል።

እኔ በዛር አላምንም፤ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ። ግን ገጸ ባህርይ እንዴት ሰው ላይ እንደሚያድር ለማየት ከዚህ የቀረበ ነገር አላውቅም።

የአዘዞው፦

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ እርስዎ እኮ የኔን ክርክር ነው የጨረሱልኝ! እዚያ ቤት ደራሲ የለም። ወረቀት የለም። ያለው ገላና ድምፅ ብቻ ነው። ገጸ ባህርዩ ግን ቆሞ ይሄዳል።

መምህር (ቀሃ)፦

አይ ልጄ፣ ቸኮልክ። ደራሲ የለም አልልም። ደራሲው ብዙ ነው እንጂ። ያ ፉከራ ከእሷ በፊት ነበረ፤ ከሷም በኋላ ይኖራል። የዛሩ ፈረስ ከዚያ ጠባይ ብትወጣ የተሰበሰበው ሰው «ይሄ እሱ አይደለም» ይላታል። ያ ገደብ ነው ጽሑፉ። ተዋናይ ነጻ የሚሆነው ገደቡ ሲታወቅ ነው። የእናንተ ዴኔሪስ ላይ የሆነው፣ እንደምትነግሩኝ ከሆነ፣ ሕዝቡ «ይሄ እሷ አይደለችም» ማለቱ ነው።

የማራኪዋ፦

መምህር፣ ይሄን ቀን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ። አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል ብዬ አስባለሁ። ዛሩ አይለወጥም። የቴሌቪዥን ገጸ ባህርይ ግን ከዓመት ዓመት ይለወጣል። ተከታታይ ድራማ ከፊልምም ከቴአትርም የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ይጽፋል፣ ተዋናዩ ይሠራዋል፣ ጸሐፊው ያንን አይቶ ቀጣዩን ይጽፋል።

ባፊ የተባለው ድራማ (ከ1997 እስከ 2003) ላይ ስፓይክ የሚባል ደም መጣጭ አለ። ሲመጣ ጥቂት ክፍል ቆይቶ እንዲሞት ነበር የታሰበው። ጄምስ ማርስተርስ ግን ለገዳዩ ሰው ፍቅርና ቀልድ ሰጠው። ጸሐፊዎቹ አዩት፣ አቆዩት፣ ኋላ ነፍሱን ፍለጋ የሚሄድ ሰው አደረጉት። ድራማው እስኪያልቅም ከዋናዎቹ አንዱ ሆነ። ይሄን ማን ሠራው ልትሉ ነው? ተዋናዩ በሩን ከፈተ፣ ጸሐፊው ገባበት።

ደግሞ እዚያው ድራማ ላይ በ1999 የታየ አንድ ክፍል አለ። ጭራቆች የከተማውን ሰው ድምፅ ይሰርቃሉ፤ ከግማሽ በላዩ ያለ ንግግር ነው የሚሄደው። ተዋናዮቹ በዓይንና በእጅ ብቻ ይግባባሉ። ያ ክፍል ለኤሚ፣ ለአሜሪካ ትልቁ የቴሌቪዥን ሽልማት፣ የታጨው በምን ዘርፍ ይመስላችኋል? በድርሰት። ዝምታም ይጻፋል ማለት ነው።

የአዘዞው፦

እሺ፣ ይሄ ጥሩ ነው። ግን ከተዋናዩ ጉዳይ እንዲህ በቀላሉ አታስወጡኝ። ከጌም ኦፍ ትሮንስ ዳሪዮ ናሃሪስን አስታውሱ፤ የዴኔሪስ ወዳጅ የሆነውን ወታደር። 3ኛው ምዕራፍ ላይ ኤድ ስክሬን ነበር፣ ከ4ኛው ጀምሮ ሚሂል ሃውስማን ተካው። ስሙ ያው፣ ሥራው ያው፣ የሚወዳትም ሴት ያችው። ሰውየው ግን ሌላ ሰው ሆነ። የመጀመሪያው እባብ ነገር ነበር፣ ሁለተኛው ሞቅ ያለ ወታደር። ዊቸር በሚባለው ሌላ ፋንታሲ ድራማ ላይም ዋናውን ሰው የሚጫወተው ሄንሪ ካቪል ከ3 ምዕራፍ በኋላ ለቆ ሊያም ሄምስወርዝ ሲገባ ስንቱ ተመልካች እንደተቆጣ አይተናል። ደራሲ ብቻውን ገጸ ባህርይ የሚሠራ ቢሆን ሰው ሲቀየር ለምን ይቆጣሉ?

አወያይ (አራዳ)፦

ያንተው ድራማ ሌላም ምስክር አለው። «ተራራው» የሚባለውን ግዙፍ ሰው 3 የተለያዩ ሰዎች ተጫውተውታል። ማን ደንግጦ ያውቃል? የተጻፈለት ቁመትና ጭካኔ ብቻ ስለሆነ ማንም ረጅም ሰው ይሞላዋል። ተዋናይ የሚታወቀውና ሲሄድም የሚናፈቀው የተጻፈለት ነገር ሲኖር ነው።

ፒተር ዲንክሌጅንም አትርሱ። እዚያው ጌም ኦፍ ትሮንስ ላይ ብልሁን መካሪ ቲሪዮንን ተጫውቶ 4 ጊዜ ኤሚ ወስዷል። አራተኛው በ2019 ነው፤ ያ ሁሉ ሰው በተማረረበት በመጨረሻው ምዕራፍ! በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሁሉ ቀድሞ የሚያስብ ሰው ነበር። መጨረሻ ላይ የሚመክረው ሁሉ የሚከሽፍበት ሆነ። ትወናው አልወረደም፣ ሽልማቱም ይገባዋል። ሰውየው ግን አነሰብኝ። ጥሩ ተዋናይ አንድን ትዕይንት ሊያድን ይችላል። ምዕራፍ ሙሉ ተሸክሞ መሄድ ግን አይችልም።

አሁን ወደኛ ልመልሳችሁ። ያሰብናት እቴጌ ከእቴጌ ምንትዋብ ሕይወት የተነሳች ናት። ምንትዋብ ልጇን ዳግማዊ ኢያሱን በ1755 ቀበረች። የልጅ ልጇ ኢዮአስ ደግሞ በ1769 በራስ ሥዑል ሚካኤል ትእዛዝ ተገደለ። ራስ ሚካኤልን ወደ ጎንደር ያመጣው የቤተ መንግሥቱ የራሱ ጭንቀት ነው። ያቺን ሌሊት ቁስቋም፣ እቴጌዋ ባሠራችው ግቢ ውስጥ፣ አስቧት። መልእክተኛው ገባ። ምን ትላለች?

መምህር (ቀሃ)፦

ስሟን አትንኩ። በፋንታሲ ውስጥ ዛርና ዘንዶ አጠገቧ ልታቆሙ ከሆነ ሌላ ስም፣ ሌላ ዘመን ስጧት። ታሪክ የሚያውቅ ያውቃታል፣ የማያውቅም አይሳሳትባትም።

የማራኪዋ፦

በስሙ ከመምህር ጋር ነኝ። ስለዚያች ሌሊት ግን እኔ ምንም እንድትል አልፈልግም። መልእክተኛው ሳይናገር ከፊቱ ትረዳው። የያዘችውን መቁጠሪያ አታቋርጥ። ከዚያ «ይህ ሰው እራት በልቷል?» ብላ አሽከሯን ትጠይቅ። ለቅሶው በሚቀጥለው ክፍል ይምጣ፣ ማንም በሌለበት። ይሄንን የተገኘች ሴት ሁሉ ልትጫወተው አትችልም። የግድ ታዋቂ ትሁን ግን አልልም። እዚህ ከተማ ቴአትር የሠሩ ትልልቅ ሴቶች አሉ፤ ካሜራ ዞሮባቸው የማያውቅ።

የሳሙና በሩ፦

የእራቱ ጥያቄ ገደለኝ። ግን ከላይ ከላይ ብትለው ጨካኝ ትመስላለች፣ ለስለስ ብትለው ደግሞ ያልሰማች። ልኩን የምታገኘው ሰባትና ስምንት ጊዜ ከተለማመደችው ነው። ለልምምዱ ማን ይከፍላል?

የአዘዞው፦

እሱን ልል ነበር! እዚህ አገር ተዋናይ የሚከፈለው ለቀረጻ ቀን ነው፤ ልምምድ በነጻ ነው፣ ስለዚህ አይደረግም። ታዋቂ ሰው እናምጣ ያልኩትን እተወዋለሁ፣ የልምምድ ክፍያን ግን አልተውም።

አወያይ (አራዳ)፦

ተስማማሁ፣ በአንድ ግዴታ። የድራማችን ስድስቱም ክፍሎች እስከ መጨረሻው ተጽፈው ካላለቁ ልምምድ አይጀመርም። እቴጌይቱ የት እንደምትደርስ ሳናውቅ መልእክተኛውን ቤቷ አናስገባም። ደራሲውም ልምምዱ ላይ እየተቀመጠ ያያል፣ ያየውን ይዞ 2ኛውን ረቂቅ ይጽፋል፣ ለ2ኛውም ይከፈለዋል።

የአዘዞው፦

ለ2ኛው ረቂቅም? ብሩ ከየት ሊመጣ ነው?

አወያይ (አራዳ)፦

ከዘንዶው። ዘንዶው በድምፅና በጥላ ብቻ ይታያል። እሱን ከሳሙና በሩ ልጅ ጋር ተነጋገሩበት።