የዶሮ ቤት ከክረምት በፊት እንደ አዲስ ልሰራ ነው፣ ሐሳብ ስጡኝ (ጎንደር)

የአዘዞ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዘዞ ነው ያለሁት፣ ጓሮ ውስጥ 12 ዶሮ አሉን፣ ግማሹ ሐበሻ ግማሹ ሳሶ የሚባለው የውጭ ዝርያ። እንቁላሉ ለቤት ነው፣ ሲተርፍ ጎረቤት ይወስዳል። አሁን ያለው ቤታቸው ዙሪያውን ቆርቆሮ ነው፣ ከበሩ ሌላ ምንም ቀዳዳ የለውም፣ ብርድ እንዳይገባባቸው ተብሎ ነው እንደዛ የተሰራው። ክረምት ሲሆን ግን ጠዋት በሩን ስትከፍቱት ሽታው ዓይን ያቃጥላል፣ ቆርቆሮው ከውስጥ አልቦ እላያቸው ላይ ይንጠባጠባል፣ ዶሮዎቹም ያስነጥሳቸዋል። በዛ ላይ ሸለምጥማጥ በቆርቆሮውና በመሬቱ መሃል ባለች ክፍተት ገብቶ ሁለት ቄብ በላብን፣ እናቴ በጣም ነው ያዘነችው። አሁን አፍርሼ 2 ሜትር በ 1 ሜትር ተኩል የሆነ ቤት ልሰራ አስቤያለሁ። ይበቃቸዋል? መስኮት ልተውለት ወይስ ብርዱ ይጎዳቸዋል? ከመሬት ከፍ ላድርገው የሚሉኝም አሉ። የምታውቁ እባካችሁ ሳትሰስቱ ንገሩኝ፣ ሰኔ ሳይገባ መጨረስ አለብኝ።

አናጢው ከማራኪ፦
ወንድሜ ስፋቱ ይበቃል። ለእንቁላል ዶሮ በአንድ ካሬ ከ 5 እስከ 7 ይባላል፣ ያንተ 3 ካሬ ነው፣ ለ 12 ዶሮ ከበቂ በላይ ነው፣ ቀን ቀን ጓሮ የሚውሉ ከሆነ ደግሞ በጣም ምቹ ነው። ዋናው ነገር አየር ነው። ዶሮ ላባዋ ደረቅ እስከሆነ ድረስ የጎንደርን ብርድ በደንብ ትችለዋለች፣ የሚጎዳት እርጥበትና የኩሱ ሽታ ነው። ያ ዓይን የሚያቃጥለው አሞኒያ ነው፣ መውጫ ስላጣ እዛው ሲተነፍሱት ያድራሉ፣ ቆርቆሮው ላይ የሚያልበውም የራሳቸው ትንፋሽ ነው። ስለዚህ በሁለቱ ረጅም ጎን ግድግዳውን እስከ ጣራ አታድርሰው፣ የላይኛውን አንድ ሦስተኛ ክፍት ተወውና ሽቦ ምታበት። ቆጡን ከክፍቱ ዝቅ አድርገህ ስራ፣ ነፋሱ ከራሳቸው በላይ ያልፋል እነሱን አይነካቸውም። የጣራው ክፈፍ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይውጣ፣ የሐምሌ ዝናብ ወደ ጎን ነው የሚመታው ታውቀዋለህ። ረጅሙን ጎን ደግሞ ከምስራቅ ወደ ምዕራብ አስተኛው፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ አዘዞ ሲግል ፀሐይዋ በቀጥታ ገብታ አትጠብሳቸውም።

ለሸለምጥማጡ፣ ይሄን ስድስት ጎን ያለውን ቀጭን የዶሮ ሽቦ አትመን። እሱ ዶሮዋ እንዳትወጣ ነው እንጂ አውሬ እንዳይገባ አይደለም፣ ያንን ቀዳዳ አይጥ ራሱ ይገባበታል። አራት ማዕዘን የሆነ የተበየደ ሽቦ ፈልግ፣ ቀዳዳው ከአንድ ሳንቲም ብዙ የማይበልጥ፣ ሚስማር ብቻ መተህ አትተወው ከላዩ ቀጭን ጣውላ ደርበህ ምታበት። ከስር አንድ ወይ ሁለት ረድፍ ብሎኬት አድርግ፣ ወለሉንም ከግቢው አንድ ስንዝር ከፍ አድርገህ በድንጋይና በአፈር ደልድለው፣ ጎርፍም አይገባ በስር የሚሾልክም አይኖር።

የጓሮ እናት፦
ልጄ አናጢው ደህና ነግሮሃል፣ እኔ ስለ ውስጡ ልጨምርልህ። ቆጡን ከባህር ዛፍ ስታደርገው ልጡን ላጠው፣ ቅንቅን ልጡ ስርና ስንጥቁ ውስጥ ነው ቀን ተደብቆ የሚውለው፣ ማታ ወጥቶ ነው ደማቸውን የሚመጠው። ቀን ፈልገህ ስታጣው የለም ብለህ እንዳትዘናጋ፣ ማታ ባትሪ ይዘህ ገብተህ ከቆጡ ስር እይ። እንዲነቀል አድርገህ ስራው፣ እያወጣህ የፈላ ውሃ ታፈስበታለህ ፀሐይ ታሰጣዋለህ። ለአንዲት ዶሮ አንድ ስንዝር ቦታ ይበቃታል፣ ሁለት እንጨት ካደረግህ ቁመታቸው እኩል ይሁን፣ አንዱ ከፍ ካለ ሁሉም እሱ ላይ ልውጣ እያለ ሲጣላ ያመሻል። እንቁላል መጣያውን ከቆጡ ዝቅ አድርገው፣ ከፍ ካለ እዛው ያድሩና ኩስ በኩስ ያደርጉታል። ለአራት ለአምስት ዶሮ አንድ መጣያ ነው፣ ላንተ ሦስት ይበቃል፣ ጨለም ያለ ይሁን ጭድ አድርግበት። ከውጭ የሚከፈት ክዳን ብታደርግለት እናትህ ሳትገባ እንቁላሉን ታነሳለች። አመድም አትርሳ፣ ሽታውንም እርጥበቱንም ይመጥጣል፣ እየነሰነስክ ተወው።

ደንቢያ፦
እኔ ግን ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ይበል ባይ ነኝ። ወለሉ እንጨት በእንጨት ክፍተት ያለው ሲሆን ኩሱ ራሱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከስር አፍሰህ ለጎመንህ ትወስደዋለህ። የኛ ግቢ ተዳፋት ነው ክረምት ውሃ በስሩ ይሄዳል ዶሮዎቹ ግን ደረቅ ናቸው፣ ሌላ መላ ለኛ አይሰራም ነበር።

አናጢው ከማራኪ፦
ለተዳፋት ግቢ ልክ ነህ ደንቢያ። አዘዞ ግን ሜዳ ነው፣ ደግሞ ሳሶ ክብደት አላት፣ ከአንድ ሜትር እየዘለለች ስትወርድ እግሯ ከስር ይቆስልና ያብጣል። መወጣጫ መሰላል ካላደረክ በስተቀር አልመክርም።

ነጭ ጋዋን፦
የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። እናታችን ያሉት የቅንቅኑ ነገር ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፣ አመዱን ግን ወለሉ ላይ ባይነሰንስ ጥሩ ነው። አመድ እርጥብ ኩስ ላይ ሲያርፍ አሞኒያው ይበልጥ ነው የሚወጣው፣ ሽታው ይጨምራል። አመድ የሚጠቅመው ጥግ ላይ ከደረቅ አፈር ጋር ቀላቅላችሁ በሰፊ ሳጥን ስታስቀምጡላቸው ነው፣ እሱ ውስጥ እየተንከባለሉ ቅማላቸውን ይከላከላሉ። ለወለሉ የአናጢ ቤት ፍቅፋቂ ወይም ጭድ እስከ 10 ሳንቲም ውፍረት አድርግ፣ በየሳምንቱ ገልብጠው፣ የረጠበውን ብቻ እያወጣህ ጣል። የሚረጥበው ብዙ ጊዜ ውሃ መጠጫው አካባቢ ነው፣ መጠጫውን በዶሮዋ ጀርባ ቁመት ልክ ብትሰቅለው ወይ ከፍ ያለ ነገር ላይ ብታስቀምጠው አይደፉትም።

አንድ በጣም የምለምንህ ነገር፣ በአንዱ ጎን ትንሽ ለብቻዋ የሆነች ክፍል ስራ፣ የራሷ በር ያላት፣ ከዋናው በግድግዳ የተለየች። ፈንግል የሚባለው ዶሮ ጨራሽ በሽታ ግቢ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ለበዓል ከገበያ በተገዛ ዶሮ ነው። ከቅዳሜ ገበያ ያመጣኸውን በዛው ቀን ከሌላው ቀላቅለህ ብታሳድረው በሳምንቱ ጓሮው ባዶ ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ሳምንት ለብቻው ቢቆይ ግን በሽታ ካለው እዛው ይታወቃል። መጀመሪያ ጤነኞቹን መግብ፣ አዲሱን መጨረሻ ላይ፣ መመገቢያውም ለየብቻ ይሁን። የፈንግሉን ክትባት በየሦስት ወሩ አስደግም። በመጠጥ ውሃ የሚሰጠው ሕያው ክትባት ስለሆነ ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ አይበጠበጥ፣ ይሞትና ልፋት ብቻ ይሆናል። የጉድጓድ ንጹህ ውሃ ተጠቀም፣ ክትባቱንም ከበረዶ ጋር ይዘህ ና።

የአዘዞ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የጓሮ እናት እርስዎንም በጣም አመሰግናለሁ፣ ቆጡን እንዳሉት የሚነቀል አደርገዋለሁ፣ መጣያውንም ለእናቴ ከውጭ እከፍትላታለሁ። ለብቻ የሚሆነውን ክፍል ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር፣ ርዝመቱን ወደ 2 ሜትር ተኩል አሳድጌ ግማሽ ሜትሩን ለሱ እለቃለሁ። አናጢው አንድ ነገር ብቻ፣ ያ የተበየደው ሽቦ ቢወደድብኝ ላይኛውን ክፍት በቀጭኑ ሽቦ አድርጌ ታች ብቻ በጠንካራው ባደርግስ?

አናጢው ከማራኪ፦
አይሆንም ወንድሜ። ሸለምጥማጥ ይወጣል፣ ዛፍ ላይ ያለ ወፍ የሚይዝ ነው፣ በላይ ነው የሚመጣብህ። ታቹ ብሎኬት ስለሆነ እዛ ሽቦ አያስፈልግህም፣ ገንዘብህን ላይኛው ላይ አውጣው። ካነሰህ ክፍቱን በአንድ ጎን አጥበብ እንጂ ሽቦውን አታሳንስ። መቀርቀሪያውንም በደንብ የሚጠብቅ አድርገው፣ በሩ ሲዘጋ ጣት የሚያስገባ ክፍተት እንዳይቀር።